ከኮታ እስከ ዩኒየን፦ የአርሶ አደሩ ነጻነትና የመንግሥት ከለላ በታሪክ ዓይን

ዩኒየናችን የምስረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ ባዘጋጀው በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ኅብረት ሥራ ታሪክ ጥቂት እንድጽፍ ስጠየቅ በቅድሚያ ወደ አእምሮዬ የመጣው የአዋጆች ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ነበር። ሆኖም በልማት ጣቢያ ሠራተኝነቴ በየጠቅላላ ጉባዔው ተገኝቼ የማዳምጠው ክርክር ከአዋጅ ቁጥር የሰፋ ነው። አንዱ አባል ተነስቶ «መንግሥት ዋጋ ይቁረጥልን» ሲል ሌላው «ምርታችንን በፈለግነው ቦታ እንሽጥ፣ ማንም አይግባብን» ይላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም የሚለው ያው አንድ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን ዋጋ በሚወድቅበት በጥር፣ ሁለተኛውን ዋጋ በሚወጣበት በሐምሌ። ይህ ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አርሶ አደሩ በራሱ ምርትና ጉልበት ላይ ምን ያህል ይወስን፣ መንግሥትስ እስከ የት ድረስ ይጠብቀው የሚለው ጥያቄ ከስልሳ ዓመት በላይ ሲያወዛግብ የኖረ በመሆኑ፣ የሄደበትን መንገድ በተለይ እኛ ካለንበት ከጎጃም አንጻር መመልከቱ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ማኅበር የሚለው ቃል በመንግሥት ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት ወላጆቻችን ወንፈልና ደቦ ነበራቸው። በወንፈል አንድ ቀን ጉልበቱን ያዋጣ ሰው አንድ ቀን ይመለስለታል። አንድ በሬ ብቻ ያለው አርሶ አደርም አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ወንፈል ግባ ብሎ የሚያስገድድ የለም፤ ግን የሰው ጉልበት በልቶ ያልመለሰ በሚቀጥለው ክረምት አረም ሲበረታበት ዞር ብሎ የሚያየው አያገኝም። ነጻነቱም ኃላፊነቱም እዚያው ማሳ ላይ ነበሩ፤ ጸሐፊና ማኅተም አያስፈልጋቸውም። ይህን ስል ያን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። ወንፈል ድርቅን፣ አንበጣንና የከብት በሽታን ሊመክት አይችልም ነበር፤ ችግር ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚመታ የሚረዳዳ ሰው አይገኝም።

በጎጃም የመሬት ይዞታው ርስት ስለነበር ባለርስቱ አርሶ አደር ከመንግሥት ጋር የነበረው ግንኙነት ግብር ከመክፈል እምብዛም አያልፍም ነበር። ይህ ግንኙነት ምን ያህል ስስ እንደነበር የታየው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255ን አወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ ግብሩ በገቢ መጠን እንዲሆን የሚያደርግ ስለነበር በወረቀት ሲታይ ለትንሹ አርሶ አደር የሚያደላ ነበር። የጎጃም ሰው ግን የሰማው ሌላ ነው፤ መሬቱ ሊለካ፣ ከተለካም በኋላ ርስቱ ሊወሰድ ነው ብሎ ተረዳው። በሞጣ፣ በብቸናና በሌሎችም አውራጃዎች ገማቾችን አላስገባም ብሎ መሣሪያ አነሳ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢልክም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሥተው፣ ውዝፍ ግብሩ ተምሮ ነገሩ በረደ። ስለዚህ ዓመጽ የተጻፉ ሰፋፊ ጥናቶች ስላሉ በዝርዝሩ አልገባም። እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፤ ለአርሶ አደሩ ይጠቅማል የተባለ ሕግ አርሶ አደሩ ሳይጠየቅ በመምጣቱ ብቻ እንደ ጠላት ተቆጠረ። በእኛ ሙያ ይህ ትምህርት ዛሬም ድረስ በደንብ ያልተያዘ ይመስለኛል።

በዚያው ዘመን ስለ ኅብረት ሥራ የወጡት ሕጎች፣ ማለትም የ1953 ዓ.ም. ድንጋጌና የ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 241፣ ወደ ትንሹ አርሶ አደር ደጃፍ እምብዛም አልደረሱም። በአብዛኛው የተጠቀሙባቸው ቡናና ሌላ የገበያ ሰብል የሚያመርቱና የገንዘብ አቅም የነበራቸው ናቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ግን ሁሉንም ለወጠው። ጭሰኝነት ቀረ፤ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ለባላባት ሲሦና እኩሌታ ይሰጥ የነበረው አርሶ አደር ከዚያ ቀንበር ተላቀቀ። ይህን ታላቅ እርምጃ ማሳነስ አይቻልም። በዚያው አዋጅ መሬት መሸጥ፣ ማከራየት፣ ማስያዝ እንዲሁም ከተወሰኑ አቅመ ደካሞች በስተቀር በቅጥር ሠራተኛ ማሳረስ ተከለከለ። አርሶ አደሩ ከባላባቱ ነጻ የወጣበት ወረቀት መንግሥትን በባላባቱ ቦታ የተከለበትም ወረቀት ነበር ማለት ይቻላል። በየቀበሌው የተቋቋመው የገበሬ ማኅበርም መጀመሪያ መሬት የሚያከፋፍልና የሚዳኝ የራሱ የአርሶ አደሩ ሸንጎ የነበረ ሲሆን፣ ዓመታት እየቆጠሩ ሲሄዱ ግብር የሚሰበስብ፣ ለጦር ምልምል የሚያቀርብና ትእዛዝ የሚያወርድ የመንግሥት ክንድ ሆነ።

ሰኔ 1971 ዓ.ም. የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚደራጁበት መመሪያ ወጣ። በዕድሜ የገፉ አባሎቻችን ማልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚሉትን ስሞች ያስታውሷቸዋል። በማልባ መሬቱ ይጣመራል፤ በወልባ በሬውና ሞፈሩም የጋራ ይሆናል፤ ወላንድ ደግሞ በርካታ ወልባዎች ተዋሕደው የሚደርሱበት ደረጃ ነበር። ለየግል የምትቀረው ለጓሮ የምትሆን ቦታ ናት። በሕጉ አባልነት በፈቃድ ነው ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን ለማኅበርተኛው የተሻለው መሬት፣ ማዳበሪያው በቅድሚያና በቅናሽ፣ ብድሩ በዝቅተኛ ወለድ ሲሰጥ፣ በግሉ የሚያርሰው ደግሞ ከነበረበት ለም መሬት ተነሥቶ ወደ ጭንጫው ሲገፋ፣ ፈቃድ የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት እንደሚኖረው አንባቢ ይፍረድ። ሥራው የሚለካው በሥራ ነጥብ ስለነበር ቶሎ የመጣውም ያረፈደውም ስሙ በመዝገብ ከሰፈረ ነጥቡን ያገኛል። ለራሱ ማሳ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ሰው ለጋራው ማሳ ፀሐይ ከወጣ በኋላ መድረሱ ስንፍና አልነበረም፤ ሒሳብ ነው። ያ ሁሉ ድጋፍ ተደርጎላቸውም የአምራቾች ማኅበራት በሄክታር የሚያገኙት ምርት በግሉ ከሚያርሰው አርሶ አደር የተሻለ አልነበረም።

ከዚህ ይልቅ እያንዳንዱን ቤት የነካው ኮታው ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የተቋቋመበት ዓላማ ሲነገር አርሶ አደሩን ከነጋዴ ብዝበዛ መጠበቅና ለከተማው እህል በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረብ ነው ይባል ነበር። የመጀመሪያው ምክንያት ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ ሚዛን የሚያጭበረብር፣ በክረምት አበድሮ በመኸር በግማሽ ዋጋ የሚሰበስብ ነጋዴ በእርግጥ ነበር። ሆኖም መድኃኒቱ ከበሽታው ባሰ። ኮታው ከላይ ለክፍለ ሀገር ይመደባል፤ ከዚያ ወደ አውራጃ፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ገበሬ ማኅበር፣ በመጨረሻም ወደ አባወራው ይወርዳል። ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ ነው። እህል ወደ ሌላ አካባቢ እንዳይሻገር በየመንገዱ ኬላ ቆሟል። ትርፍ አምራች በተባሉት በጎጃምና በአርሲ ደግሞ ጫናው ከሌላው አካባቢ የበረታ ነበር። ዝናብ ቀርቶበት ወይም ማሳው ዋግ መትቶት ኮታውን ያልሞላ አርሶ አደር በግ ወይም ፍየል ሸጦ፣ እህሉን ከገበያ በውድ ዋጋ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ዋጋ ያስረክብ ነበር። እህል አምራቹ እህል ሸማች ሆኖ ድርጅቱን ይደጉማል ማለት ነው። ያላስረከበ እስራትና የንብረት መወረስ ይጠብቀዋል፤ ወይም ወደ ማኅበሩ ሱቅ የሚመጣው ሸቀጥ ይከለከላል።

ኮታው ከኪስ ከወሰደው ገንዘብ በላይ አንድ ሌላ ነገር ወሰደ ብዬ አስባለሁ። አርሶ አደሩ የቱን ሰብል ልዝራ፣ መቼ ልሽጥ፣ ምን ያህል ለዘር ላስቀር ብሎ ማሰላሰሉን ትርጉም አሳጣበት። ብዙ ያመረተ በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ይመደብበታል፤ ስለዚህ ጥቂት ማምረትና የቀረውን መደበቅ የብልህ ሥራ ሆነ። ውሳኔው የሌላ ከሆነ ጥፋቱም የሌላ ነው።

ይህ የታየው በመጨረሻው ሰዓት ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ ኮታው ተነሳ፤ የአምራቾች ማኅበራት አባላትም ከፈለጉ እንዲበተኑ ተፈቀደ። ለመበተን የፈጀው ጊዜ ከጥቂት ወራት አይበልጥም። መሬቱን ተካፍለው፣ በሬውን ተከፋፍለው በዚያው ክረምት በግላቸው አረሱ። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያሳዝነው በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት በብዙ አካባቢ በአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ የደረሰው ነው። መጋዘኑ፣ ወፍጮው፣ የሱቁ ሸቀጥ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ሳይቀር ተዘረፈ። አብዛኛው የተገዛው በአባላት መዋጮና ኮሚሽን ነበር፤ ዘራፊው ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ ጠላት ሳይሆን በብዙ ቦታ የአካባቢው ሰው ነው። ማኅበሩን የራሴ ብሎ የሚቆጥረው ሰው ስላልነበረ በሩ ላይ የቆመለትም አልተገኘም። ወፍጮው ከተዘረፈ በኋላ እናቶች እንደገና ሩቅ መንገድ እህል ተሸክመው ሲጓዙ ማን እንደተጎዳ ግልጽ ሆነ፤ ግን ዘግይቶ።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የነጻ ገበያ ዘመን ነው። እዚህ ላይ በእኛ በባለሙያዎች ዘንድ ታሪኩን አሳምሮ የመናገር ልማድ አለ፤ ኮታ ቀረ፣ አርሶ አደሩ ነጻ ወጣ፣ ምርት ጨመረ ብሎ መዝጋት። ምርት መጨመሩ እውነት ነው። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሠርቶ ማሳያ ማሳዎች፣ ከ1987 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በአገር አቀፉ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በስፋት ተሰራጨ። የማዳበሪያ ድጎማ ተነሥቶ ዋጋው ለገበያ የተለቀቀው በ1989 ዓ.ም. ነው። አርሶ አደሩ ማዳበሪያውን የሚያገኘው በዱቤ ሲሆን፣ ለባንኩ ዋስ የሚሆነው የክልሉ መንግሥት በጀቱን አስይዞ ነበር። ዋሱ መንግሥት በመሆኑም ዕዳ ሰብሳቢው የቀበሌና የወረዳ አመራሩ፣ አንዳንዴም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሆነ። ጠዋት ስለ መስመር አዘራር ያስተማረ ሰው ከሰዓት በኋላ ዕዳ ክፈል ሲል አርሶ አደሩ የትኛውን ይስማ?

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ይህ አሠራር ተፈተነ። ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ በቆሎው በተለይ በምዕራብ ጎጃምና በምዕራብ ኦሮሚያ ከመጠን በላይ ሰጠ። ዋጋው ግን ተንኮታኮተ። በአምራች አካባቢዎች የአንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋ ከ50 ብር በታች ወረደ፤ ለማጨድና ለማጓጓዝ የሚወጣውን ወጪ እንኳ ስለማይሸፍን ከነአገዳው ማሳ ላይ የቀረ ነበር። ዕዳው ደግሞ ያው ነው፤ የሚሰበሰበውም ልክ ምርቱ በገበያ በሚበዛበት በጥርና በየካቲት። እህሉን ለጥቂት ወራት አስቀምጦ መሸጥ የቻለ ቢተርፍም፣ ባለዕዳው ግን ይህ ምርጫ አልነበረውም፤ በሬውን ሸጦ የከፈለ ብዙ ነው። በማግሥቱ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ ድርቅ መጥቶ ከ13 ሚሊዮን በላይ ወገን የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። በአንድ አገር በአንዱ ዓመት በቆሎ በማሳ ይበሰብሳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ከውጭ እህል ይጫናል። አርሶ አደሩ በዚያ ጊዜ ሙሉ የመሸጥ ነጻነት ነበረው፤ የጎደለው የሚሸጥበትን ቀን የሚመርጥበት አቅም ነው። መጋዘን የሌለው፣ ብድር የሌለው፣ የገበያ ወሬ የማይደርሰው ሰው ነጻ ነህ ቢባል ነጻነቱ ነጋዴው እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው።

የዛሬው ኅብረት ሥራ የተተከለው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። የ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 85 መንገድ ከፈተ፤ አዋጅ ቁጥር 147/1991 ደግሞ መሠረቱን ጣለ፤ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተካ። የ147 ዋናው ቁም ነገር ቀላል ነው። ማንም ተገዶ አይገባም፣ የፈለገ ይወጣል፤ ዕጣው ብዙም ይሁን ጥቂት አንድ አባል አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ አንድ ሰው ብቻውን ብዙ ዕጣ ይዞ ማኅበሩን እንዳይጠቀልል ገደብ አለ፤ ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ ተቀንሶ ሌላው ለአባላት ይከፋፈላል። እነዚህ መርሆዎች በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1844 የሮችዴል ሠራተኞች በከፈቱት ትንሽ ሱቅ የተጀመሩ ናቸው ቢባልም፣ ለእኛ አርሶ አደር የወንፈል ደንብ በጽሑፍ ሲሰፍር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። መሠረታዊ ማኅበራት ተጣምረው ዩኒየን የሚያቋቁሙበት አሠራር ሲፈቀድ ደግሞ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1991 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም የሲዳማና የይርጋጨፌ ቡና ዩኒየኖች ተመሥርተው ቡናቸውን በቀጥታ ለውጭ ገዢ ማቅረብ ቻሉ። በእህሉ በኩል ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከዩኒየኖች በቆሎ መግዛት መጀመሩ፣ ቆይቶም በቅድሚያ በሚፈረም ውል እንዲሆን መደረጉ፣ አርሶ አደሩ ከመኸር በፊት ገዢውን የሚያውቅበትን ዕድል ሰጥቷል።

ታዲያ ችግሩ ተፈታ ወይ? በሁለት በኩል አልተፈታም፤ የወረዳ አመራሮች ይህን ጽሑፍ ስለሚያነቡ ከእነርሱ በኩል ልጀምር። ዩኒየን በሕግ የአባላቱ ነው፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ እንደ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ይታያል። የሥራ አመራር ኮሚቴው በጠቅላላ ጉባዔ ተመርጦ ሳለ መመሪያ በስልክ ይደርሰዋል። የማዳበሪያ አቅርቦት በአንድ የመንግሥት መስመር ብቻ ተገዝቶ በዩኒየን በኩል እንዲሠራጭ መደረጉ በእርግጥ ዋጋውን ከአየር በአየር ነጋዴ ጠብቋል። ነገር ግን ያ አንድ መስመር ሲዘጋ ሌላ በር የለም። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ የክልላችን አርሶ አደሮች ማዳበሪያ አጥተው እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከለላ የሚሰጥ መንግሥት ከለላው ሲጓደል ተጠያቂው እርሱ መሆኑን መቀበል አለበት፤ በዚያ ወቅት ግን ወቀሳው ከአርሶ አደሩ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው የመሠረታዊ ማኅበሩ ንብረት ክፍል ላይ ነው ያረፈው። ማዳበሪያ ያልደረሰው መጋዘን ጠባቂ ምን ብሎ ይመልስ?

በአባላት በኩል ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። ዩኒየኑ በቆሎና ስንዴ ሲገዛ ነጋዴው በኩንታል ጥቂት ብር ከጨመረ ምርቱ በሌሊት ወደ ነጋዴው መጋዘን ይጋዛል። ዋጋ ሲወድቅ ግን ዩኒየኑ ለምን ሁሉን አልገዛም ተብሎ በጉባዔ ይከሰሳል። ነጻነት ነው ከተባለ መልካም፤ የአባልነት መጽሐፍ የያዘ ሰው በምርቱ የማዘዝ መብት አለው፣ ዳግም ኮታ እንዲመጣ የሚመኝ የለም። ነገር ግን ዩኒየኑ ከገዢ ጋር ውል ሲፈርም የሚፈርመው በአባላቱ ምርት ተማምኖ ነው። ምርቱ ካልመጣ ውሉ ይፈርሳል፣ ቅጣቱ ከመጠባበቂያው ይከፈላል፣ መጠባበቂያው ደግሞ የሌላ ሰው ገንዘብ አይደለም።

ከዚሁ ጋር የመሬቱ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ የደነገገው አርሶ አደሩ በክፉ ቀን ሸጦት እንዳይፈናቀል በሚል ነው። በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. በሬውን የሸጠ አርሶ አደር መሬቱንም መሸጥ ቢፈቀድለት ኖሮ ስንቱ ዛሬ አባላችን ባልሆነ ነበር ብዬ ስለማስብ ክልከላውን በግሌ እደግፈዋለሁ። ሆኖም ተቃራኒ ሐሳብ ያላቸው አባላት ደካማ ክርክር አያቀርቡም፤ በ1989 ዓ.ም. በክልላችን በተካሄደው ሽግሽግ መሬት የተቀነሰበት ሰው መንግሥት የሚጠብቅልኝ ከማን ነው ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይገባዋል። ሥጋቱን በእጅጉ ያበረደው ክልከላውም ፈቃዱም ሳይሆን በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ደብተሩን የያዘ እርከን ይሠራል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ባልና ሚስቱም ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በአንድ ገጽ ላይ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደርን ፈቅዷል። ለአንዱ ይህ የማደግ ዕድል፣ ለሌላው አዲስ ዕዳ ሊሆን ስለሚችል የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበሮቻችን ከወዲሁ ሊወያዩበት ይገባል።

ወደ ምርት ሽያጩ ስመለስ፣ በ2015 ዓ.ም. የእርሻ ምርት ውልን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል። ከዚህ አንጻር በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ መተዳደሪያ ደንባችን ላይ መነጋገር ያለብን ይመስለኛል። እያንዳንዱ አባል በዘር ወቅት ምን ያህል ኩንታል ለዩኒየኑ እንደሚያቀርብ ራሱ ይጻፍ፤ ባዶም ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ማንም ቁጥር አይመድብለት። ከጻፈ ግን ያስረክብ። ዩኒየኑም በዚያው ወረቀት ላይ ዝቅተኛውን ዋጋ ያስፍር፤ በሽያጭ የተገኘው ልዩነት መቼ እንደሚከፈል በወርና በቀን ይጻፍበት። የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ድርሻ ሚዛኑንና ሒሳቡን መመርመር እንጂ ቁጥሩን መሙላት አይሁን። ስንት ኩንታል ይበቃል፣ ላላስረከበስ ምን ይደረጋል የሚለውን የቁጥጥር ኮሚቴው ረቂቅ አዘጋጅቶ ለየመሠረታዊ ማኅበሩ ቢልክ፣ ከጉባዔው በፊት አባላት በየጎጣቸው ለመምከር ጊዜ ያገኛሉ።